ቢሮው ተዘጋ፣ ቀጠሮው ግን አልቆመም፦ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ጉዳይ

የልጅ ቀለብ ለማስቆረጥ ፍርድ ቤት የሄደች ሴት ጉዳይዋ በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ አቤቱታ ይጻፍላታል። የዳኝነት መክፈያ ከሌላት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማስረጃ ከወረዳ ታመጣለች። መጥሪያው ለልጁ አባት ይደርሳል፣ ወይም «አልተገኘም» ተብሎ ይመለሳል፤ ሲመለስ ሌላ ቀጠሮ ነው። ቀርቦ ልጄ አይደለም ካለ ምስክር ይጠራል፣ ካስፈለገም የዘረ መል (ዲ ኤን ኤ) ምርመራ ይታዘዛል። ተፈርዶላትም አላበቃም፤ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር የአፈጻጸም መዝገብ ታስከፍታለች። በዚህ ሁሉ መሀል የቀን ሥራዋን ትታ የምትመጣው፣ ታክሲ የምትከፍለው፣ ልጅ አዝላ ችሎት በር ላይ የምትቆመው እሷ ናት።

የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር እንዲህ ያለችውን ሴት ከመጀመሪያው አቤቱታ እስከ አፈጻጸም የሚያደርሳት ሰው ለመመደብ የቆመ ማህበር ነው። ይህ ጽሑፍ ማህበሩ በ2001 ዓ.ም. በወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ምን እንደደረሰበት ይተርካል። የፖለቲካውን ክርክር ብዙ ሰው ጽፎበታል። እኔን የሚያሳስበኝ የማህበር ጤንነት ነው፤ አንድ የበጎ ፈቃድ ማህበር በምን ይኖራል፣ ምን ሲቀርበት ይታመማል፣ ከታመመ በኋላስ ምን ቢሰጡት ይድናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በሀገራችን ከዚህ ማህበር ታሪክ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ማህበሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም ሕገ መንግሥቱ ገና አዲስ ነበር። የሴቶች እኩልነት በሕገ መንግሥቱ ሰፍሯል፤ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩበት የቤተሰብ ሕግ ግን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነበር። በዚያ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ትዳራለች፤ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው። በ1949ኙ የወንጀል ሕግ ደግሞ የጠለፋት ሰው ካገባት ክሱ ይቀራል። ጥቂት የሕግ ባለሙያ ሴቶች ተሰባስበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሱ። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት።

ሥራው በሦስት ዘርፍ የተደራጀ ነበር፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ፣ ጥናትና የሕግ ማሻሻያ፣ ሕዝብን ማስተማር። በወረቀት ሲታይ የማንኛውም ድርጅት አደረጃጀት ይመስላል። ጥንካሬው ሦስቱ እርስ በርስ መመጋገባቸው ነበር። ለሕግ ድጋፍ የመጣው መዝገብ ጥናቱን ይወልዳል፤ ጥናቱ ሕጉን ለማስለወጥ ማስረጃ ይሆናል፤ የተለወጠውን ሕግ የትምህርቱ ክፍል ወደ ቀበሌ ያወርደዋል። ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅ በነፍስ ግድያ ስትከሰስ ማህበሩ ጠበቃ አቆመላት፤ ድርጊቷ ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነፃ ወጣች። ያ መዝገብ የአንዲት ልጅ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ጠለፋን «ባህል ነው» እያለ የሚያልፈውን ሕዝብ አነጋገረ። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 213 ወጥቶ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የባል ራስነትም ቀረ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጠላፊው ቢያገባትም ከመጠየቅ እንደማያመልጥ ደነገገ፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አደረገ። ለእነዚህ ለውጦች ብዙ ሰዎችና ተቋማት ደክመዋል፤ የማህበሩ ድርሻ ግን ማንም የማይክደው ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋ፣ በአሶሳና በጋምቤላ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። ጠበቃ በማይደርስባቸው ቦታዎች መጠነኛ ሥልጠና ወስደው አቤቱታ የሚጽፉና ጉዳይ የሚከታተሉ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። በዓመት በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች አገልግሎት ያገኙ ነበር።

የመጀመሪያው ሕመም የመጣው በ1993 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ማህበሩ በተደጋጋሚ ጥቃት የደረሰባትን አንዲት ሴት ጉዳይ ይዞ፣ ሕግ አስከባሪው አካል ተገቢውን አላደረገም ሲል በይፋ ተቸ። የፍትሕ ሚኒስቴር ማህበሩ ከተቋቋመበት ዓላማ ውጭ ሠርቷል ብሎ አገደው፤ የባንክ ሒሳቡም ታገደ። እገዳው ከሳምንታት በኋላ በ1994 መጀመሪያ ተነሣ፤ ሥራውም ቀጠለ። ያን ጊዜ ማህበሩ ቶሎ ያገገመው ሠራተኞቹ ስላልተበተኑ፣ መዝገቦቹ ከቦታቸው ስላልተነቃነቁ፣ ገንዘቡም ሲለቀቅ ሙሉውን ስላገኘው ይመስለኛል። ጊዜው አጭር ስለነበር ቁስሉ ቆዳውን አልፎ አልገባም።

ሁለተኛው ሌላ ነበር።

የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማህበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ድርጅቶችን በሦስት መደበ፤ የኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያ ነዋሪዎችና የውጭ። በሰብአዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት እና በፍትሕ አገልግሎት ላይ መሥራት የሚችሉት «የኢትዮጵያ» የተባሉት ብቻ ሆኑ። «የኢትዮጵያ» ለመባል ደግሞ ከገቢህ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ መምጣት የለበትም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከሀገር ውስጥ 90 ሺህ ብር ያላገኘ ማህበር ከውጭ 10 ሺህ ብር መቀበል አይችልም። ደመወዙ፣ የቢሮ ኪራዩ፣ የቅርንጫፎቹ ወጪ በውጭ ለጋሾች ገንዘብ ለቆመ ማህበር ይህ ማለት ከአሥሩ የምሰሶ እግሮች ዘጠኙን በአንድ ዓመት ውስጥ ቀይር ማለት ነበር።

ብዙ ድርጅቶች በዚያ ዓመት ዓላማቸውን ቀየሩ። መብት የሚለው ቃል ከመተዳደሪያ ደንባቸው ወጥቶ ልማት ገባ፤ ገንዘባቸውንም ይዘው ቀጠሉ። በእነሱ አልፈርድም፤ ሠራተኛና ተረጂ ያለው ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበር ግን ዓላማውን ይዞ «የኢትዮጵያ» ሆኖ ተመዘገበ። ወደ 10 ሚሊዮን ብር የሚጠጋ ገንዘቡ በ2002 ዓ.ም. ታገደ። ተመሳሳይ መንገድ የመረጠው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤ፣ ኢሰመጉ፣ 9.5 ሚሊዮን ብር ገደማ ታገደበት። ኢሰመጉ እስከ ሰበር ድረስ ተከራክሮ በ2005 ዓ.ም. ተረታ፤ ከ12 ቅርንጫፎቹ 9ኙን ዘጋ፤ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ከስሙ ላይ አንሥቶ ሰመጉ ተባለ።

ገንዘቡ ታገደ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የቀረ ዐውደ ጥናት ነው። በሕግ ድጋፍ ማህበር ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጠበቃዋ ደመወዝ የላትም፤ ሌላ ሥራ ታገኛለች፣ ትሄዳለች። በእጇ የነበሩት መዝገቦች ለቀረችው ባልደረባዋ ይተላለፋሉ፤ የባልደረባዋ መዝገብ እጥፍ ይሆናል። ቅርንጫፉ ሲዘጋ ፋይሉ በካርቶን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይጓዛል። የችሎቱ ቀጠሮ ግን አይጓዝም፤ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰዓት ይጠራል። ከሳሽዋ ካልቀረበች መዝገቡ ይዘጋል። ቀርባም ጠበቃዬ የት ናት ብላ ስትዞር ማንም የለም። ማህበሩ በዚህ ጊዜ አብዛኞቹን ሠራተኞች አሰናበተ፤ የስልክ ምክር አገልግሎቱንም አቆመ። ስሙና ማኅተሙ ተረፉ። እኔ የማህበር ጤንነት የምለው ነገር በስምና በማኅተም እንደማይለካ ያወቅሁት ከዚህ ነው።

የመንግሥትን ክርክር ሳያነሡ ማለፍ ሐቅ አይሆንም። የፖለቲካና የመብት ጉዳይ የዜጎች ነው፤ የዜጎች ማህበር ደግሞ በዜጎች መዋጮ ይቁም ነበር የሚባለው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። በውጭ ገንዘብ ብቻ የቆመ ማህበር ለአባላቱ ሳይሆን ለለጋሹ ሪፖርት ማድረግ ይለምዳል። የለጋሹ ፋሽን ሲቀየር የሥራው ዓይነት አብሮ ይቀየራል፤ ዘንድሮ ኤች አይ ቪ፣ ከርሞ የአየር ንብረት። አባል መመልመል፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ ነጋዴውን ማሳመን አስቸጋሪ ስለሆነ ይተዋል። ይህ ድክመት ከአዋጁ በፊትም ነበር፤ የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማህበርም ከዚህ ነፃ አልነበረም። ሕመሙ እውነተኛ ነበር። የታዘዘለት መድኃኒት ግን በሽተኛውን ጾም ማሳደር ሆነ።

«እድር በማን ገንዘብ ይኖራል?» የሚል ክርክርም ይሰማ ነበር፤ አሁንም ይሰማል። ጥያቄው ጥሩ ስለሆነ በቁም ነገር ልመልሰው። እድር የሚኖረው የሚያዋጣውና የሚገለገልበት አንድ ሰው ስለሆነ ነው። ዛሬ ለጎረቤቴ ሐዘን የማዋጣው ነገ ለእኔ ስለሚዋጣ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ አንዴ ከተገዛ ለዓመታት ያገለግላል። ዳኛውና ጸሐፊው በአብዛኛው ያለ ደመወዝ ያገለግላሉ፤ ሥራውም በወር አንድ እሑድና በሐዘን ጊዜ ነው። የሕግ ድጋፍ ከዚህ ጋር በአንዱም አይመሳሰልም። ተገልጋይዋ የምታዋጣው የላትም፤ ቢኖራትማ ጠበቃ ትገዛ ነበር። ቀጠሮው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት ነው። አንድ መዝገብ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ይህን በወር መዋጮ ይቁም ማለት ሐኪም ቤትን በበሽተኞች እድር ይተዳደር እንደ ማለት ነው።

አባላቱስ? የማህበሩ አባል ለመሆን የሕግ ባለሙያ መሆን ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከዚያ በላይ አይሰፋም። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ናቸው፤ በሥራቸው ጠባይ ለሰው ጠበቃ ሆነው መቆም አይችሉም። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ በጎ ፈቃደኝነትን አልዘነጋም፤ የጥብቅና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 199/1992 ያለ ክፍያ ለሚቆሙ ልዩ የጥብቅና ፈቃድ ፈቅዶ ነበር፤ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ደግሞ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ግን 50ው ሰዓት ሰብሳቢ ይፈልጋል። የትኛዋን ሴት ለየትኛው ጠበቃ? ፋይሉን ማን ያዘጋጃል? ጠበቃው ሳይመጣ ሲቀር ማን ይደውላል? በጎ ፈቃደኛ ነፃ ቢሆንም በጎ ፈቃደኛን ማስተባበር ነፃ አይደለም። አንዲት ደመወዝተኛ አስተባባሪ የብዙ ጠበቆችን 50 ሰዓት ወደ አገልግሎት ትለውጠዋለች፤ እሷ ከሌለች ሰዓቱ በደንቡ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከ10 በመቶው ያነሰ የተወራለት፣ እኔ ግን እኩል ጎድቷል የምለው ሌላ ገደብ ይመጣል። አዋጁ ድርጅቶች ከወጪያቸው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳያውሉ ከለከለ፤ በ2003 የወጣው መመሪያ ዝርዝሩን ሰጠ። ሲሰሙት ተገቢ ይመስላል፤ ማን ለቢሮና ለመኪና የሚወጣ ገንዘብ ይወዳል? ችግሩ «አስተዳደር» የሚለው ጆንያ ውስጥ የተከተተው ነገር ነው። ጉዞው፣ ነዳጁ፣ ክትትሉ፣ ከሥልጠናው ብዙው ወደዚያ ገባ። ስንዴ ለሚያድል ድርጅት ስንዴው ፕሮግራም፣ የሚያድለው ሰው አስተዳደር ሊባል ይችል ይሆናል። በሕግ ድጋፍ ግን የሚታደለው ሰውየው ራሱ ነው። ጠበቃዋ ከሐዋሳ ወደ ገጠር ወረዳ ችሎት የተሳፈረችበት ትኬት አገልግሎቱ ነው።

ማህበሩ በእነዚያ ዓመታት እንዴት አልሞተም? በጥቂት ቀዳዳዎች ተነፈሰ። የአውሮፓ ኅብረት ለሲቪል ማህበረሰብ የመደበው ፈንድ በስምምነት እንደ ሀገር ውስጥ ገንዘብ ተቆጠረ፤ የመብት ማህበራትም ከዚያ መቃመስ ቻሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከዩኒቨርሲቲዎችና ከማህበሩ ጋር በመሆን የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላትን አገዘ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችና መምህራን የተወሰነውን ጭነት ተሸከሙ። አባላቱም ነበሩ፤ ዋናውን ሥራቸውን ሠርተው ከሰዓት በኋላ ቢሮ የሚገቡ፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ ሴቶች። ይህን ሁሉ አከብራለሁ። ሆኖም በሕይወት መቆየትና ጤነኛ መሆን ይለያያሉ። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ በላይ የቀጨጨው ሦስቱን ዘርፎች የሚያገናኘው ጅማት ነው። ጥናቱ ቀረ፤ ሕግ ለማስለወጥ መጮኹ ቀረ፤ አቤቱታ መጻፍ ብቻ ተረፈ። ከመዝገብ ወደ ሕግ የሚሄደው መንገድ ሲዘጋ እያንዳንዱ መዝገብ ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ መማር የሚችል የለም።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓርላማ ጸደቀ። የ10 በመቶው ገደብ ተነሣ፤ ማህበራት በመረጡት ሕጋዊ ዓላማ ላይ እንዲሠሩ፣ ገንዘብ ከሕጋዊ ምንጭ ሁሉ እንዲቀበሉ፣ ገቢ የሚያስገኝ ሥራም እንዲሠሩ ተፈቀደ። በዚያው ወቅት ከማህበሩ መሥራቾች አንዷ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ይመሩ ነበር። ያን ሰሞን ደስ ያላለው በዘርፉ የሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ግን የአሥር ዓመት ጉዳት በነጋሪት ጋዜጣ አይሽርም። አዋጁ የመለሰው ፈቃድ ነው። የሄደችው ልምድ ያላት ጠበቃ የራሷን ቢሮ ከፍታለች፤ በማህበር ደመወዝ አትመለስም። የቅርንጫፉ ቤት ለሌላ ተከራይቷል። የወረዳው ኮሚቴ አባላት ግማሾቹ አካባቢውን ለቀዋል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ እምነት ነው፤ አንዴ በቀጠሮዋ ቀን ብቻዋን የቀረች ሴት ለጎረቤቷ «እነሱ ጋ ሂጂ» አትልም። ይህን ሁሉ መልሶ ለመገንባት ማህበር የሚያስፈልገው ለጋሾች በጣም የሚጠሉት ዓይነት ገንዘብ ነው፤ ለአንድ ዓመት ፕሮጀክት ያልታሰረ፣ ለኪራይ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለፋይል አያያዝ፣ ለአስተባባሪ ደመወዝ የሚውል። አዲሱ አዋጅም በዚህ በኩል ይቅር የማልለው ነገር አለበት፤ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ ከ30 ወደ 20 በመቶ አወረደው። አስተዳደር የሚባለውን ወጪ የቀድሞውን ያህል አላሰፋውም፤ ያም ቢሆን ከበሽታው ገና ለሚነሣ ድርጅት አጥንቱን የሚጠግንበት ገንዘብ ነው የተቀነሰው።

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቆም ብዙ የሀገር ውስጥ ማህበራት በሳምንታት ውስጥ ሠራተኛ ማሰናበት ጀመሩ። ይህን ጊዜ የከለከለ የሀገር ውስጥ ሕግ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን ከ2002ቱ ጋር አንድ ነበር። በእጃቸው የቆየ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የፕሮጀክት ውል ተቀማጭ እንዲይዙ አይፈቅድም። የሀገር ውስጥ ሰጪ አላፈሩም፤ ለማፍራት ሠራተኛ መመደብ አስተዳደራዊ ወጪ ነው።

ስለዚህ የአንድን ማህበር ጤንነት መመርመር የሚፈልግ ቦርድ፣ ለጋሽ ወይም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ኦዲቱን ከማየቱ በፊት እንዲጠይቅ የምመኘው ጥቂት ነገር ነው። ነገ ገንዘብ ቢቆም በእጃችሁ ያለውን መዝገብ ለስንት ወር ትይዛላችሁ? ሥራ አስኪያጇ ብትለቅ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው አለ? ከገቢያችሁ ለማንም ፕሮጀክት ያልታሰረው ስንት ነው? በጎ ፈቃደኞቻችሁን የሚጠራቸው ማን ነው፣ ለእሱስ ማን ይከፍለዋል? ለጋሹም ራሱን ይጠይቅ፤ ውሉን ሳቋርጥ ተገልጋዩ ወደ ማን እንደሚሄድ በውሉ ላይ ጽፌያለሁ? የሕግ ድጋፍ ከሆነ ደግሞ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት፤ ገንዘቡ ቢቆም እንኳ ክስ የተመሠረተባቸው መዝገቦች ውሳኔ እስኪያገኙ ድረስ የጠበቃው ወጪ ይሸፈናል የሚል። ከጠቅላላው በጀት ጥቂት ነው የሚወስደው፤ በቀጠሮው ቀን ችሎት በር ላይ ስሟ ሲጠራ ግን ከጎኗ ሰው ይኖራል።